መቅደስን ያጠባችው ሸክላ ሠሪ

በ1983 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። በእርግጥ የጂንካ ዝናብ ክረምትና በጋ አያውቅም፤ ሲፈልግ ሚያዝያ ላይ ያጥለቀልቃል፣ ሲፈልግ ጥቅምት ላይ ይመለሳል። እኛ ግን አያቶቻችን ከሰሜን ይዘውት በመጡት ልማድ ሐምሌን ክረምት እንላለን። በዚያ ሐምሌ የመጀመሪያ ልጄ መቅደስ ሃምሳ ቀኗ ነበር። የእኔም ጡት ደርቆ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአማቴ ከእማማ በላይነሽ ጋር ከአየር ሜዳው በላይ ባለው ሰፈር እንኖራለን። የዛሬ ልጆች አይደርሱበትም እንጂ የድሮው አየር ሜዳ መሃል ከተማ ላይ የተዘረጋ ሣር ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዘበኛው ላሞቹን በጅራፍ ያባርራል፣ ሕፃን አዋቂው ወጥቶ ያያል፣ አውሮፕላኑ ሲሄድ ላሞቹ ይመለሳሉ። ቅዳሜ አንድ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ጎደሬውን፣ ሙዙንና ጎመኑን በዘንቢል ሞልቶ ይገባ ነበር። ሴቱ ኮንጎ ጫማ፣ ወንዱ ካኪ ይወዳል። በዚያ ክረምት ግን ካኪ ለባሽ ከከተማው ጠፋ። መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ስለነበር ካኪ የድሮ ሹም ያስመስላል ተብሎ ሁሉም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ሬዲዮውም ያን የሰልፍ ዜማ ትቶ ቀኑን ሙሉ ዋሽንት ያሰማን ጀመር። ዋሽንት ስሰማ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

ባለቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። መቅደስ በተወለደች በሳምንቷ ከጓደኞቹ ጋር ለስብሰባ ተብለው አርባ ምንጭ ተጠሩ። ወዲያው መንገዱ ተዘጋ። ወንዝ ሞላ የሚልም ነበር፣ ሌላ ነገር የሚልም ነበር። በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም። በመንደሩም የነፍጠኛ ልጆች ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ ጥቂት ቤተሰቦች ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው ወጡ። እኔም አገሬ የት እንደሆነ አሰብኩ። አያቴ የተቀበረው፣ አባቴ የተወለደው፣ እኔም የተዳርኩት እዚሁ ጂንካ ነው። ከዚህ ሌላ የማውቀው መንገድ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ነው። ስለዚህ ዕቃ አላሰርኩም።

በሐምሌ መጀመሪያ ወባ ጣለኝ። ስምንት ቀን ራሴን አላውቅም። ስነቃ እማማ በላይነሽ መቅደስን ታቅፈው ጓዳና ሳሎን ይመላለሳሉ፤ ልጅቱ የምታለቅሰው እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ድመት ነው። ጡቴን ሰጠኋት፤ ስባ ስባ ተወችው። የላም ወተት በውኃ አቅጥነን ሰጠናት፤ ሆዷን ፈታው። የዱቄት ወተት በሱቁ ሁሉ ጠየቅን፤ ባዶ ጣሳው እንጂ ወተቱ የለም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዓይኗን ገልጦ አየና፣ “የላሙን ወተት አቁሙ። የምታጠባ ሴት ፈልጉላት፤ እሱም ዛሬ ነገ ሳትሉ” አለን። በሰፈራችን የሚያጠቡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ በዚያው ሰሞን ዕቃ ጭነው ከወጡት ጋር ሄዳለች። ሁለተኛዋ አንድ ቀን አጠባችልን፣ በማግስቱ ቀረች። ባሏ ከድሮ መንግሥት ሰው ቤት አትግቢ ብሏት ነበር አሉ። አልፈርድባትም፤ ሁሉም የሚፈራው ነገር ነበረው።

በየሳምንቱ ቅዳሜ በቤታችን ጓሮ የምታልፍ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከነሪ ወንዝ ማዶ ካለው የአሪዎች መንደር ነው የምትመጣው። እንስራውንና ድስቱን በገመድ አስራ በጀርባዋ፣ ጨቅላ ልጇን በደረቷ ይዛ ትወርዳለች። ገበያው ሁሉ “አንቺ ሸክላ” ይላታል እንጂ ስሟን የጠየቀ አልነበረም። ሸክላዋን እንገዛለን፤ እሷን ግን ወደ ቤት አናስገባም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ልጅ ይበላል እየተባልን ነው ያደግነው። ኮቴዋ ሲሰማ እማማ በላይነሽ በስመ አብ ብለው መቅደስን በነጠላ ይሸፍኗታል። ከትራሷ ሥር ቢላ፣ ከራስጌዋ ጤና አዳም አስቀምጠው ነበር። ሃምሳ ቀን ሙሉ ልጄን ከአንዲት ሴት ዓይን ስንሸሽግ ከረምን።

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት መቅደስ ማልቀሱንም ተወችው። እማማ በላይነሽ አዩዋትና ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። “ሳትጠመቅ ከምትሄድብኝ መምሬን ላምጣ” አሉኝ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ የምታጣጥር ከሆነች ግን ቀኑ አይጠበቅም። እሳቸው ሲወጡ ልጄን ታቅፌ በጓሮ በር ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞትብኝ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ ከአጥሩ ወዲያ ስታልፍ አየችኝ።

“ይህ ልጅ ዛሬ አይጮህም። ምን ሆነ?” አለችኝ።

“ወተት የለኝም። ደረቀብኝ።”

“ላም ወተትስ?”

“ሆዷን አበላሸባት።”

ሸክሟን ወደ ዛፉ ተጠግታ ቀስ ብላ አወረደች፤ አንድም ሸክላ አልተጋጨም። “ስጪ” አለችና እጇን በአጥሩ ላይ ዘረጋች።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ልናገር። ነጠላዬን በልጄ ፊት ላይ ሳብኩት። እጄ ከለመደው ነው፤ አላሰብኩትም። እሷ ግን አየችው። ትቆጣለች ስል ሳቀች።

“እኔ ሰው እበላለሁ ትላላችሁ አይደል? እሺ። ዛሬ ልጅሽ እኔን ይብላ።”

“የአንቺስ ልጅ?” አልኳት።

“ጡት ሁለት ነው” አለች፣ “ልጅ ሁለት ነው። ስጪ።”

ሰጠኋት። መቅደስ መጀመሪያ አፏን አልከፈተችም፤ አቅም አልነበራትም። ሴትየዋ ወተቷን በከንፈሯ ላይ ጠብ አደረገችላት፣ በጣቷ አገጯን ነካ ነካ አደረገቻት፣ በራሷ ቋንቋ የማላውቀውን ነገር አንጎራጎረችላት። ብዙ ቆየ። ከዚያ ስትውጥ ሰማኋት። አንድ ጊዜ፤ ቆይታ ሁለተኛ፤ ከዚያ ሳታቋርጥ። ብዙ መዝሙር ሰምቻለሁ፣ ካህናት ሲያሸበሽቡም ቆሜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

መምሬና እማማ በላይነሽ የደረሱት እሷ እያጠባች ነው። እማማ በላይነሽ ጮኹ።

“በስመ አብ! አንቺ ልጅ አበድሽ? በእጅሽ ለቡዳ ሰጠሻት?”

“ቆይ እስቲ በላይነሽ” አሉ መምሬ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ አጥሩ ቀረቡ። “ትጠባለች?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዎ አባቴ።”

“ትውጣለች?”

“ትውጣለች።”

“እንግዲያውስ ሰማንያ ቀኗ ይጠበቅ።”

“አባቴ፣ ይቺ እኮ...” ሲሉ እማማ በላይነሽ፣ መምሬ ቀደሟቸው። “ማን እንደሆነች አይቻለሁ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ግብጽ ስትሰደድ ጎረቤት መርጣ አልነበረም።” ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጥቂት ሄዱና ዞሩ። “ይህችን ሴት ደግሞ በደንብ አብሏት። የምታጠባ ይርባታል።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ መጣች። ነሪ ሞልቶም ከሆነ በላይኛው መሻገሪያ ዞራ ትመጣለች። በሦስተኛው ቀን ስሟን ጠየቅኳት። “ጋይሚ” አለችኝና፣ “ለምን ጠየቅሽ?” ብላ ደነገጠች። መምሬ አብሏት ባሉን መሠረት አበላናት፤ አበላሉ ግን የእኛ ነበር። አንድ ባዶ የወተት ጣሳ ለእሷ ብቻ ለየን፤ ከአጥሩ እንጨት ላይ ሰቀልነው። ውኃም ሽሮም በዚያው ነው፤ ወደ ቤት አይገባም። እሷም ከአጥሩ አታልፍም፤ ዝናብ ሲሆን ከዛፉ ሥር ቆማ ታጠባለች። ይህን የፈጠሩት እማማ በላይነሽ ናቸው ብል ውሸት ነው። ሁለታችንም ሌላ አሠራር አለ ብለን አላሰብንም። ደግ የሠራን ሁሉ መስሎን ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ዛሬ ጂንካ አስፋልቱ፣ ፎቁ፣ ባጃጁ ብዙ ነው፤ አንድ ብር ይዞ ገበያ የሚወጣ የለም፣ ለአንድ ብር ሰላምታም አይሰጡህም። ሰልፉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው “አንተ ከየት መጥተህ ነው” ተባባሉ። ሰሞኑን ደግሞ ይህ ቃል በየቦታው ይሰማል። ዕድሜ ደጉ፣ ሲመጣም ሲሄድም አይቼዋለሁ። ከፊት የቆመ ጎልማሳ፣ ከረባት ያሰረ፣ ዞር ሲል አየኝና ሰልፉን ትቶ መጣ። አስራት ነው፤ በጋይሚ ደረት ላይ የነበረው ጨቅላ። ዛሬ አስተማሪ ነው።

“እማማ፣ እዚህ ምን ያቆምዎታል? እኔ ቦታ ይግቡ” አለኝ።

“አንተስ?”

“እኔ ልጅ ሆኜም ቦታዬን ለእርስዎ ቤት ሰው እንደሰጠሁ ነው” ብሎ ሳቀ። “እህቴ ደህና ናት? ሐዋሳ ሄዳ ረሳችን በሏት።”

ደህና ናት አልኩት። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ልጆች አሏት። ባለቤቴም ክረምቱ እንዳለፈ በመስከረም፣ ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ግን በእግሩ ቆሞ መጣልኝ። መቅደስ ጋይሚን ስታይ እጇን ስትዘረጋ አይቶ፣ “እኔ ሄጄ ልጄ አሪ ሆና ጠበቀችኝ” ብሎ የሳቀውን አልረሳም። አሁን በሕይወት የለም። እማማ በላይነሽም አልፈዋል። ጋይሚ አለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጭቃውን ግን አሁንም በእጇ ለይታ ታውቃለች። ከአስራት ጋር ከተለያየን በኋላ ያ ክረምት ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። የተመለሰብኝ ግን የቅዳሜዋ ጠዋት አይደለችም። የክርስትናው ቀን ነው።

የመቅደስ ሰማንያ ቀን በፍልሰታ ጾም ውስጥ ዋለ። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ አልቆ፣ ተጠምቃ፣ ቆርባ፣ ሜሮን ተቀብታ ይዣት ገባሁ። ሰማንያ ቀኔን ጨርሼ ቤተ ክርስቲያን የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ። ጊዜው ክፉ ቢሆንም እማማ በላይነሽ ከየት እንዳመጡት እንጃ ደገሱ፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ጠላ። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። ለብዙ ሳምንት እኛን ሲሸሽ የከረመው ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነበር። ሰው ወደ ቤቴ በመመለሱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምናልባት ያሳወረኝ እሱ ነው። ጋይሚ በማታው ሰዓቷ መጣች። ያን ቀን ሸክላ አልያዘችም። ታጥባ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ዶቃ አድርጋ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ቆመች።

መቅደስን ወስጄ ሰጠኋት፤ አጠባቻት። እማማ በላይነሽ ከድግሱ ሁሉ አንዳንድ ጭልፋ በጣሳው ውስጥ አድርገው ሰጡኝ፤ ሽሮው፣ ምስሩና እንጀራው አንድ ላይ ነው። ጣሳውን በአጥሩ ላይ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ጋይሚ ጣሳውን አየችው። ከእኔ ጀርባ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን፣ በሳህን የሚበሉትን አየች።

“ዛሬም ጣሳ?” አለችኝ።

ጣሳውን ወደ እሷ ጠጋ አደረግኩት።

“ይህ ልጅ አፉ እኔ ጡት ላይ ነው። አፉ አልቆሸሸም። ሳህን ይቆሽሻል?”

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ግቢው ሰማ። አንዱ እንግዳ፣ “ሸክላዋ ተናገረች!” አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እማማ በላይነሽ ምድር ምድሩን አዩ። እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጣሳውን እንደዘረጋሁ ቆሜያለሁ። አንዲት ቃል፣ “ግቢ” የምትል፣ ከአፌ አልወጣችም። ለሠላሳ ቀን ያህል ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁት፤ አይቼም አልተናገርኩም። ጋይሚ መቅደስ እስክትጠግብ ጠበቀች። አፏን በመዳፏ ጠረገችላት፣ መለሰችልኝና ሄደች። ጣሳውን አልነካችውም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እማማ በላይነሽ፣ “ነገ ትመጣለች፤ ለምዳታለች” አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ “አትመጣም” አሉ። ከዚያ፣ “የመምሬን ቃል አልሰማንም፤ በደንብ አብሏት ነበር ያሉን” ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ እፊቴ አለቀሱ።

በማግስቱ ጠዋት አልመጣችም። ፀሐይዋ አየር ሜዳውን አልፋ ስትወጣ መቅደስ ማልቀስ ጀመረች። የእኔ ጡት ምንም የለውም። ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። እማማ በላይነሽ ወዴት ነሽ አላሉኝም፤ በሩን ብቻ ከፈቱልኝ። ነሪ ጎድሎ ስለነበር በድንጋዩ ላይ ተሻገርኩ። ከማዶው ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ፤ ነጠላዬ ጭቃ ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ መንደር የሚወጣውን እንስራ ስንጠቀም እግሬ አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም ነበር። አንዲት አሮጊት ቤቱን በአገጫቸው አሳዩኝ።

ጋይሚ በራፏ ላይ ተቀምጣ በእጇ ጭቃ ታሻለች። ስታየኝ አልተነሳችም።

“ልጅ ራበው?” አለች።

“ራባት። እኔም ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ትናንት...”

“ትናንት ሄደ። ስጪ።”

እጇን ሳትታጠብ ተቀበለችኝ። ሜሮን በተቀባው የልጄ ግንባር ላይ ጭቃ ነካው፤ አልጠረግኩትም። ግቢ አላለችኝም፤ እኔም ሳትለኝ ገባሁና እሳቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሷም እያጠባች ተከትላኝ ገብታ ከፊቴ ተቀመጠች። አስራት መሬት ላይ ተኝቷል። እሳቱ ዳር በሸክላ ድስት የተቀቀለ ጎደሬ ተቀምጧል።

“ቁርስሽ ነው?” አልኳት።

“ቁርስ ነው። እናንተ የኛ ቤት አትበሉም።”

“ስጪኝ።”

አየችኝ። “ዛሬ ጾም አይደለም? የናንተ ቤት ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ አይበላም። እኔ አውቃለሁ።”

“ጾም ነው” አልኩ። ከወለድኩ ወዲህ ሙሉ ቀን ልጾመው ያሰብኩት የመጀመሪያው ቀን ነበር። “ስጪኝ።”

መቅደስን በአንድ እጇ እንደያዘች ድስቱን ወደ እኔ ገፋችው። ሳህን አልነበረም። አማተብኩ፤ ጌታዬ ሆይ ይቅር በለኝ አልኩ፣ ስለ ጾሙም ስለ ጣሳውም። እጄን ከእጇ ጋር አንድ ድስት ውስጥ ከተትኩ። ያቃጥላል፤ ጨውም የለውም። የመጀመሪያውን ራሴ ልጬ በላሁ። ሁለተኛውን እሷ ልጣ ሰጠችኝ።